ቀበሪቾን ከመንቀል በፊት መለየት፣ ከለዩ በኋላም ማልማት

ቀበሪቾ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው በአበባው ሳይሆን በሥሩ ነው። ደርቆ ገበያ የሚወጣው፣ በፍም ላይ ተደርጎ ቤት የሚታጠንበት፣ ለራስ ምታትና ለሳል የሚፈለገው፣ እባብ ያርቃል የሚባልለትም ይኸው ወፍራም ሥር ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ሲወጣ ግን ተክሉ አብሮ ያልቃል። ኤኪኖፕስ ቀበሪቾ የተሰኘው ይህ ዝርያ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ በመሆኑ፣ ከአገሩ ከጠፋ ከሌላ ሥፍራ የሚመጣ ምትክ አይኖርም። ስለዚህ ቀበሪቾን በጓሮ ማልማት የምርምር ግዴታ ሊሆን ይገባል። ይሁንና ከማልማት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ተክሉን በትክክል መለየት ነው።

የመለየቱ ችግር ከስም ይጀምራል። ለምሳሌ «ኮሸሽላ» የሚለው የአማርኛ ስም በኤኪኖፕስ ወገን ላሉ ተክሎችም፣ ከእነርሱ ጋር ምንም የቤተሰብ ዝምድና ለሌለው አካንተስም ያገለግላል። ሁለቱም እሾሃማ ስለሆኑ ከሩቅ ያሳስታሉ። ቀርቦ ለሚመለከት ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የአካንተስ ቅጠሎች በግንዱ ላይ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲወጡ፣ የኤኪኖፕስ ቅጠሎች ተራ በተራ ይፈራረቃሉ። የአካንተስ ፍሬ ሲደርቅ ፈንድቶ ዘሩን የሚረጭ ሲሆን፣ የኤኪኖፕስ ፍሬ አንድ ዘር ብቻ የያዘና የማይፈነዳ ነው።

በኤኪኖፕስ ወገን ውስጥ ዝርያን ከዝርያ መለየት ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ክብ ኳስ የሚመስለው የአበባ ራስ በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ አበባም የራሱ ቅርፊት መሰል ቅጠላት አሉት። የእነዚህ ቅጠላት ብዛትና ቅርጽ ለመለየት ይረዳል። በአውሮፓና በሜዲትራኒያን አካባቢ የሚበዙት የቅርብ ዘመዶቹ፣ የሴንታውሪያ ዝርያዎችም፣ የሚለዩት በአብዛኛው በእነዚሁ ቅጠላት ጫፍ ነው። ከገበያ የተገዛ ደረቅ ሥር ግን ከእነዚህ ምልክቶች አንዱንም አይዝም። በሥር ብቻ ተመሥርቶ የተጻፈ የኬሚካል ትንተና፣ ሙከራው የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ የየትኛው ተክል ውጤት እንደሆነ ሌላ ተመራማሪ ሊያረጋግጠው አይችልም።

የአካባቢው ሽማግሌዎች ተክሉን አሳምረው ያውቁታል፤ ሳይንሳዊ ስም ምን ይጨምራል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ሽማግሌው በመንደሩ ውስጥ እንደማይሳሳት እሙን ነው። ነገር ግን ስሙ ወንዝ በተሻገረ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል፤ ምርምር ደግሞ ከመንደር ወጥቶ ለሁሉም የሚደርስ ዕውቀት ነው። ሁለቱ ዕውቀቶች የሚገናኙት በተጫነና በደረቀ የምስክር ናሙና ላይ ነው። ዝርያውን የሰየሙት መስፍን ታደሰ በ2004 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ መጽሐፍ ያዘጋጁት የዚህ ቤተሰብ ክፍል፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ለዚህ ሥራ ይረዳሉ። የሚቀረው ተማሪው ወደ መስክ በአበባ ወቅት መውጣቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ማልማቱ ይከተላል። በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች መካከል ከፍ ብላ የምትገኘው ዓለም ከተማ ለዚህ ሙከራ ትመቻለች፤ በአጭር ርቀት ውስጥ ከቆላ እስከ ደጋ የሚደርስ ልዩነት ስላለ፣ ከአንድ ምንጭ የተወሰደ ዘር በተለያየ ከፍታ ላይ እንዴት እንደሚያድግ ማነጻጸር ይቻላል። ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ባዶ ወይም በነፍሳት የተበላ አለመሆኑ ይመርመር። ሥሩ ወደ ታች ስለሚጠልቅ ችግኙ በረዥም ከረጢት ይደግ፤ ክረምት ሲገባም ውኃ በማይተኛበት መሬት ይተከል። እያንዳንዱ መደብ የእናት ተክሉን ናሙና ቁጥር ይያዝ፤ ያለዚያ ጓሮው ራሱ ሌላ የስሕተት ምንጭ ይሆናል።

የሁለት ዓመት የማስተርስ ጊዜ ለብዙ ዓመት ተክል አይበቃም መባሉ እውነት ነው። መፍትሔው መደቡን ከተማሪ ወደ ተማሪ ማስተላለፍ እንጂ ሥሩን ከገበያ መግዛት አይደለም። ጠብቆ የመጠቀም ልማድ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ የመንዝ ማኅበረሰብ ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በፊት የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ ብቻ ከፍቶ ያጭድ ነበር። የድኅረ ምረቃ ክፍሎችም ተመጣጣኝ ሥርዓት ሊያወጡ ይገባል፤ በአበባ የተሰበሰበ የምስክር ናሙና ያላስቀመጠ፣ ለነቀለውም ሥር ምትክ ችግኝ ያልተከለ ጥናት ለመመረቂያ እንዳይቀርብ።