ወረቀቱን ሳትይዙ ከኤርፖርት እንዳትወጡ

የገናና የጥምቀት ጉዞ እየደረሰ ነው። ይህችን መጽሔት ከሱቁ ስታነሱ አጠገባችሁ የቆመ ሰው «መቼ ነው የምትሄዱት? ትንሽ ዕቃ ትይዙልኛላችሁ?» ሳይላችሁ አይቀርም። እኛ አገር ቤት የምንሄደው ለሽርሽር ብቻ አይደለም። ሠርግ አለ፣ ተዝካር አለ፣ ልጆቻችን በስልክ ብቻ የሚያውቋቸው አያቶች አሉ። ሻንጣችን ውስጥም የራሳችን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሰው አደራ አለ። በረራ ሲሰረዝ ወይም ሻንጣ ሲቀር የሚጎዳው ብዙ ሰው ነው።

ወቅቱ ደግሞ አሜሪካና አውሮፓ በረዶ የሚጥልበት ነው። በረዶ ባይኖር እንኳ ሌላ ነገር አይጠፋም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ዱባይ ላይ የጣለው ዝናብ ኤርፖርቱን አጥለቅልቆ ብዙ ሕዝብ መሬት ላይ አሳድሯል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የኛው አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ህንድ ድረስ ሄዶ በረራ አሰርዟል። ይህን ማንም አይከለክለውም። በእጃችን ያለው ከዚያ በኋላ የምናደርገው ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። አየር መንገድ ካውንተር ፊት ግን ዝም ያለ ሰው ወንበር ላይ ያድራል። ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛው ወይም በአረብኛው እናፍርና «እሺ፣ ችግር የለም» ብለን እንመለሳለን። የዚህ ወር ምክራችን አጭር ነው፦ ጠይቁ፣ መልሱን በወረቀት ያዙ፣ ቀን ቁጠሩ።

በረራው ተሰርዟል ሲባል

መጀመሪያ ቤተሰቡን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ሰልፍ ይያዝ፣ ሌላው ወዲያው ለአየር መንገዱ ይደውል ወይም አፑን ይክፈት። ሰልፉ ሳይደርስ በስልክ ቦታ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ትኬቱን ከኤጀንት ከገዛችሁ ለኤጀንቱም ደውሉ። ከጉዞው በፊት ደግሞ ቡኪንጉ ላይ የገባው ስልክና ኢሜይል የናንተ መሆኑን አረጋግጡ። የኤጀንቱ ብቻ ከሆነ የስረዛው መልእክት የሚደርሰው ለሱ ነው፤ እናንተ ኤርፖርት ሄዳችሁ ትሰሙታላችሁ።

ካውንተር ስትደርሱ ምን እንደምትፈልጉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። «አራት ነን፣ አብረን መሄድ አለብን፣ ቀጥሎ ያለው በረራ የትኛው ነው? በሌላ አየር መንገድስ ቢሆን?» በሉ። ቀን የማይጠብቅ ጉዳይ ካለ፣ ቀብር ይሁን ሠርግ ወይም የሚያልቅ ቪዛ፣ እሱንም ንገሯቸው። መናገር ልመና አይደለም። ሠራተኛዋ ያላወቀችውን ልታግዛችሁ አትችልም።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ከሚኒያፖሊስ ዋሽንግተን በአንድ ትኬት፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በሌላ ትኬት የሚገዛ አለ፤ ርካሽ ስለሚመጣ። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ግዴታ የለበትም። በአንድ ቡኪንግ የተያያዘ ከሆነ እስከ መድረሻችሁ ማድረስ የነሱ ሥራ ነው። የሚተርፈውን ብር ከዚህ አደጋ ጋር አመዛዝኑት።

ገንዘቤ ይመለስ ወይስ ሌላ በረራ?

ከአሜሪካ ለሚነሱም ሆነ ወደ አሜሪካ ለሚበሩ፣ በረራው ከተሰረዘና የቀረበላችሁን አማራጭ ካልተቀበላችሁ ገንዘባችሁ የመመለስ ግዴታ አለ። ዓለም አቀፍ በረራ በ6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየና አልሄድም ካላችሁም እንዲሁ ነው። በክሬዲት ካርድ የተከፈለው በ7 የሥራ ቀን፣ በሌላ መንገድ የተከፈለው በ20 ቀን ይመለሳል። ካርዳችሁን ያስከፈለው ኤጀንቱ ከሆነ ግን የሚመልሰው እሱ ነው። «ቫውቸር እንስጣችሁ» ቢሏችሁ መቀበል ግዴታ አይደለም።

ነገር ግን አትቸኩሉ። ገንዘቡን ከተቀበላችሁ ያ ትኬት አለቀ ማለት ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ አዲስ ትኬት መግዛት ደግሞ የቱን ያህል እንደሚያስወጣ ታውቁታላችሁ። መሄዱ የግድ ከሆነ «ሪፈንድ» ሳይሆን «ሪቡክ» በሉ።

ካሳ የሚከፈለው የት ነው?

እዚህ ላይ ወሬው ብዙ ነው። «ጓደኛዬ 600 ዩሮ ተከፈላት፣ እኔ ለምን ተከለከልኩ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ልዩነቱ ያለው ከየት ተነስታችሁ በማን አውሮፕላን እንደበረራችሁ ላይ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 ከኅብረቱ አገሮች የሚነሳን ማንኛውንም በረራ ይሸፍናል፤ አየር መንገዱ የየትም ይሁን። ስለዚህ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ስትሄዱ ተሸፍናችኋል። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ግን የሚሸፍናችሁ በአውሮፓ አየር መንገድ ከመጣችሁ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ረጅም መንገድ፣ ከ14 ቀን ባነሰ ማስጠንቀቂያ ቢሰረዝባችሁ ወይም 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይታችሁ ብትደርሱ፣ ካሳው ለአንድ ሰው እስከ 600 ዩሮ ይደርሳል። ሕፃን ልጅም የራሱ የተከፈለበት ትኬት ካለው ይቆጠራል። እንግሊዝም ተመሳሳይ ሕግ አላት፤ የሷ ጣሪያ 520 ፓውንድ ነው።

ምክንያቱ በረዶ፣ ማዕበል ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ከሆነ ካሳ የለም። ምግብና ሆቴል ግን ያኔም ይገባችኋል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። «የአየር ሁኔታ ነው» ሲሉት የሻይ ኩፖን እንኳ ሳይጠይቅ ይሄዳል።

እስራኤል ላሉ አንባቢዎቻችን፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ የአገሪቱ የበረራ አገልግሎት ሕግ አለ። ወደ እስራኤል የሚገባንም ከዚያ የሚወጣንም በረራ ይመለከታል። ሳውዲ አረቢያም የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኗ ያወጣው የተጓዦች መብት ደንብ አላት። አሜሪካ ውስጥ ግን ለመዘግየት ካሳ ክፈሉ የሚል ሕግ የለም። ሆቴልና ምግብ አየር መንገዱ በገባው ቃል ላይ ይወሰናል። ቢሆንም ጠይቁ። ካልሰጧችሁ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ በኋላ ጻፉላቸው።

የተሰረዘበትን ምክንያት በኢሜይል ወይም በወረቀት እንዲሰጧችሁ መጠየቅ አትርሱ። ከሁለት ወር በኋላ ክርክር ቢመጣ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው።

በሌላ አገር ሲያዞሯችሁ ቪዛ ጠይቁ

ይህ በተለይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዛችሁ ነው። ቀጥታው በረራ ተሰርዞ «በፓሪስ በኩል እንላካችሁ» ቢሏችሁ ደስ ብሏችሁ ወዲያው እሺ አትበሉ። ኢትዮጵያውያን በሸንገን አገሮች ኤርፖርት ለማለፍ እንኳ፣ ከኤርፖርቱ ባይወጡም፣ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው። በዓረብ አገር ኢቃማ ብቻ የሚኖር ግን አይደለም። ስለዚህ «በዚህ ፓስፖርት ያሳልፈኛል?» ብላችሁ አስመልክቱ። ሆቴል ሲሰጧችሁም ወደ ከተማ ለመውጣት ቪዛ የሚያስፈልግ መሆኑን ጠይቁ።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትወጡ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ የመውጫ ቪዛችሁ የሚያበቃበትን ቀን መጀመሪያ አሳዩአቸው። አዲሱ በረራ ከዚያ ቀን ካለፈ ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ሻንጣው ካልመጣ

ቀበቶው ዞሮ ዞሮ ቆመ፤ የናንተ ሻንጣ የለም። ከውጭ ዘመድ አበባ ይዞ ይጠብቃል፣ ልጆች ደክመዋል፣ «ነገ መጥተን እንጠይቃለን» ማለት ያምራል። እንዳትወጡ! መጨረሻ ላይ ያመጣችሁ አየር መንገድ የሻንጣ ጉዳይ ቢሮ እዚያው አዳራሽ ውስጥ አለ። ሄዳችሁ «ፒአይአር» የሚባለውን ሪፖርት አስሞሉ። በመጨረሻ የምትቀበሉት ወረቀት ላይ 10 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይኖራል። አዲስ አበባ ላይ ከሆነ ኤዲዲ በሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ሻንጣው የሚፈለገው በዚያ ነው። ያለ እሱ ስትደውሉ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

የአገር ቤት ስልክና አድራሻ በደንብ አስጽፉ። አሜሪካ ያለው ቁጥራችሁ አዲስ አበባ ላይ የማይሠራ ከሆነ የሚወስድላችሁን ዘመድ ስልክ ስጡ። ወደ ክፍለ ሀገር የምትቀጥሉ ከሆነም ተናገሩ።

ከዚያ የሚያስፈልጋችሁን ግዙ፤ የሌሊት ልብስ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የጥርስ ብሩሽ። ለዘገየ ሻንጣ ተመጣጣኝ ወጪ መጠየቅ ይቻላል። ደረሰኝ ግን ያስፈልጋል። መርካቶ ተከራክራችሁ ያለ ደረሰኝ የገዛችሁት ሸሚዝ ቢረክስም አይመለስላችሁም።

አሁን ቀን መቁጠር ነው። ኢትዮጵያም፣ አሜሪካም፣ አውሮፓም የፈረሙት የሞንትሪያል ስምምነት እንዲህ ይላል፦

– ሻንጣው ተሰብሮ ወይም ተቀዶ ከመጣ፣ በተቀበላችሁ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቱ።
– ዘግይቶ ከደረሰ፣ እጃችሁ በገባ በ21 ቀን ውስጥ ወጪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።
– 21 ቀን ሞልቶ ካልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል።
– ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገ ጊዜው 2 ዓመት ነው።

ኤርፖርት ያስሞላችሁት ፒአይአር ብቻውን የካሳ ጥያቄ አይደለም። የካሳውን ደብዳቤ ወይም ፎርም ለብቻው ላኩ። የካሳው ጣሪያም ለአንድ ተጓዥ 2 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ለአንድ ሻንጣ አይደለም፤ ሁለቱም ቢጠፉ ጣሪያው ያው ነው። እሱም ቢሆን የሚከፈለው በማስረጃ ነው።

ወደ አሜሪካ ስትመለሱ ደግሞ ይህን አስታውሱ። መጨረሻ ከተማችሁ ዴንቨር ወይም ሲያትል ቢሆንም፣ መጀመሪያ የምታርፉበት የአሜሪካ ኤርፖርት ላይ ሻንጣችሁን ራሳችሁ ከቀበቶ አንስታችሁ፣ ጉምሩክ አሳልፋችሁ፣ እንደገና ትሰጣላችሁ። «እስከ መጨረሻው ተለጥፏል» ብሎ ጥሎት የሚሄድ ሰው አለ፤ በርበሬውና ሽሮው እዚያው ቀበቶ ላይ ሲዞር ይቀራል።

አደራን በተመለከተ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የራሳችሁ ጫማ ቢጠፋ ታዝናላችሁ፤ የሰው እናት መድኃኒት ቢጠፋ ግን ምን ትላላችሁ? ሻንጣው በናንተ ስም ስለሆነ ካሳ የሚጠይቀውም የሚጠየቀውም እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ዕቃ ስትቀበሉ ይሉኝታውን ተዉት። የታሸገ ነገር ሳትከፍቱ አትያዙ። ባለቤቱ ፊት አይታችሁ ፎቶ አንሱት፣ ዝርዝሩንም ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ላፕቶፕና ሰነድ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። መድኃኒት፣ የራሳችሁም ሆነ የተላከ፣ ከነማዘዣው የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ላኪውንም አስቀድማችሁ «ሻንጣው ቢጠፋ ዋጋውን ሙሉ ላላገኝ እችላለሁ» በሉት። በዚህ ንግግር የሚከፋ ሰው ካለ፣ ዕቃው ሲጠፋ ምን እንደሚል አስቡት።

ልብስንም አከፋፍሉ። የአባትን ልብስ ግማሹን በእናት ሻንጣ፣ የልጆቹን በሁለቱም ክተቱ። አንድ ሻንጣ ቢቀር ማንም ራቁቱን አይቀርም። የሠርጉን የሐበሻ ቀሚስ ወይም የለቅሶውን ጥቁር ልብስ ግን በእጃችሁ ያዙ። ነጠላ ተጣጥፎ ስንት ቦታ ይይዛል?

ለልጆች

ልጆች፣ ለናንተም ሥራ አለ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱን ሻንጣ ከውጭም ከውስጥም ፎቶ አንሱ። ያለፈው ጉዞ ተለጣፊ ካለ ቀዳችሁ ጣሉ፤ ማሽኑን ያሳስተዋል። ደማቅ ቀለም ያለው ሪባን እሰሩበት፤ ጥቁር ሻንጣ ሁሉ አንድ ይመስላልና። ካውንተር ላይ የሚሰጧችሁን ትንሿን ተለጣፊ ወረቀት ቁጠሩ፦ ሦስት ሻንጣ ካለ ሦስት ወረቀት መኖር አለበት። ፎቶ አንሷትና ለእማዬ ላኩላት።

እማዬና አባዬ በቋንቋው ቢቸገሩ ልትተረጉሙላቸው ትችላላችሁ። የተባለውን እንዳለ ንገሯቸው፣ አታሳጥሩት። ውሳኔው ግን የነሱ ነው።

እናንተም ወላጆች ልጃችሁ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሲተረጉም አትቆጡት። የተቆጣችሁት በአየር መንገዱ ነው፤ የሚሰማው ግን እሱ ነው። ካውንተር ላይ ረጋ ብላችሁ አጥብቃችሁ ስትጠይቁ ካየ፣ ነገ ለራሱም እንዲሁ ይጠይቃል።

በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ። አደራውም ለባለቤቱ ይድረስ። መልካም በዓል!