የቤተሰብ ህግን ማን ይማርልን?



ውድ ወንድምና እህቶች! የዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ በየግቢው የምንሰማው ህክምና፣ ኢንጂነሪንግ፣ አካውንቲንግ ነው። ህግ ሲነሳ ግን ፊታችን ይጠቁራል። "ጠበቃ ውሸታም ነው"፣ "ሸሪዓ እያለን ሰው ሰራሽ ህግ ምን ይሠራልናል?" እንላለን። ግን ትዳር ሲፈርስ፣ አባት ሞቶ ውርስ ሲያጣላ፣ የልጆች ቀለብ ሲቋረጥ የምንሄደው የት ነው? ያው ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ስንደርስ ደግሞ የሚያስረዳን ሰው እንፈልጋለን።

በሀገራችን የቃዲ ፍርድ ቤት የትናንት ነገር አይደለም። በ1936 ዓ.ል በወጣ አዋጅ እውቅና ነበረው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ስለ እሱ ዝም ቢልም ሥራው አልተቋረጠም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34(5) ደግሞ ተከራካሪዎች እስከፈቀዱ ድረስ የግልና የቤተሰብ ጉዳያቸው በሃይማኖታቸው ህግ እንዲዳኝ በር ከፈተ። በዚህ መሠረት አዋጅ 188/1992 ባለ ሦስት ደረጃ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አደራጀ። ኒካህ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታና ውርስ እዚያ ይታያሉ። በዚያው ዓመት የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ፣ አዋጅ 213/1992 ወጣ። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ህግ አውጥተዋል።

ስለዚህ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ሁለት በር ከፊቱ አለ። በየትኛው ልግባ? ፈቃዴን ስሰጥ ምን ማለት ነው? አንዴ ከገባሁ መውጣት እችላለሁ? ይህን ሳያውቁ የሚፈርሙ ስንት እናቶች አሉን!

ከዓመታት በፊት አንዲት የአዲስ አበባ እህት በውርስ ክርክር ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ስትጠራ እዚያ መዳኘት እንደማትፈልግ ተናገረች። ተቃውሞዋ ተቀባይነት አላገኘም፤ ይግባኟም እስከ ሰበር ሄዶ ውድቅ ሆነ። በመጨረሻ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያለ ፈቃዷ መዳኘቷ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ብዙዎች ነገሩን የሸሪዓና የዓለማዊ ህግ ግጭት አድርገው አወሩት። ጥያቄው ግን የፈቃድ ነበር፤ ፈቃድ ደግሞ እዚያው ፍርድ ቤቶቹን ባቋቋመው አዋጅ ላይ የተጻፈ ቅድመ ሁኔታ ነው። ይህ ቅድመ ሁኔታ ሲከበር ተከራካሪዋ ብቻ ሳትሆን የቃዲው ክብርም ይጠበቃል።

ሌላም እንይ። የወር አበባ የምታይ የተፈታች ሴት ዒዳዋ ሦስት ቁርእ፣ ባሏ የሞተባት ደግሞ አራት ወር ከአስር ቀን ነው። የቤተሰብ ህጉ ግን ሴት ድጋሚ ለማግባት 180 ቀን እንድትጠብቅ ያዛል። ዒዳዋን ጨርሳ ኒካህ ልታስር የተዘጋጀች እህት በዚህ ልትደናገር ትችላለች። እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን ህጉ ያንን ቀን መቁጠር አያስገድዳትም። ይህን የሚነግራት ማን ነው? ፊቅህ ብቻ የቀራው ኡስታዝ 180 ቀኑን ላያውቀው ይችላል። ህግ ብቻ የተማረው ጠበቃ ደግሞ ዒዳን አያውቅም።

ኒካህም እንዲሁ ነው። ህጉ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ይቀበላል፤ እንዲመዘገብም ያዛል። እኛ ግን ኒካህ አስረን፣ ወሊማ በልተን እንበተናለን። ከዓመታት በኋላ ባል ሲክድ ወይም ሲሞት፣ ምስክሮቹም ሲበተኑ፣ ሚስት መሆኗን ለማስረዳት የምትንከራተተው እሷ ናት።

"ሰው ሰራሽ ህግ መማር ይፈቀዳል ወይ?" ለሚለው ዝርዝር መልስ ዑለሞቻችን አሉ፤ ለእነሱ እንተወዋለን። እኛ የምንለው፣ ብንማረውም ባንማረውም በዚህ ህግ እየተዳኘን ነው። ደግሞም ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 35 ከባልም ከሚስትም ቤተሰብ ሸምጋይ እንዲላክ ያስተምራል፤ የቤተሰብ ህጉም ፍቺ ሲጠየቅ ባልና ሚስት ራሳቸው በመረጧቸው ሸምጋዮች በኩል እንዲታረቁ ዕድል ይሰጣል።

ስለዚህ ህግ የምትማሩ ልጆቻችን፣ ከግቢ ትምህርታችሁ ጎን የኒካህን፣ የጦላቅንና የሚራስን ኪታብ ከዑለሞች ዘንድ ቅሩ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በዚህ ላይ ሥሩ። በዩኒቨርሲቲዎች ባሉ ነፃ የህግ ድጋፍ ማዕከላት አገልግሉ። የመድረሳ ተማሪዎችም ሁለቱን አዋጆች አንብቡ። የግቢ ጀመዓዎች ደግሞ ከምክር ደርስ ጋር ስለ ጋብቻ ምዝገባና ስለ ውርስ የሚያስረዳ ፕሮግራም አዘጋጁ።

በተለይ እህቶቻችን! አንዲት ሴት የትዳሯን ገመና ለወንድ ጠበቃ ዘርዝራ መናገር ይከብዳታል፤ በዚህም ምክንያት መብቷን ትታ ዝም ትላለች። እሷ የምትጠብቀው እናንተን ነው።

አላህ ጠቃሚ እውቀት ይስጠን፤ ቤታችንንም የሰላም ያድርግልን። አሚን!