ለሰብለ እያለቀሱ ፊታውራሪ መሸሻን መሆን

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ ልቡ ያልተነካ ሰው በስደት አገር አላጋጠመኝም። መጽሐፉን ያላነበበው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምቶታል። ባለፈው ክረምት በአንድ ወዳጃችን ቤት ስለዚሁ ልብ ወለድ ስናወጋ፣ ስድሳውን ያለፉ አንድ አባት የበዛብህን አሟሟት ሲያነሱ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሴት ልጃቸው የጋብቻ ጉዳይ ተነሣ። የመረጠችው ወጣት የተማረ፣ ሠርቶ የሚያድርና ጠባየ መልካም መሆኑን ራሳቸው መሰከሩ። «ነገር ግን» አሉ፣ «ዘሩን አናውቀውም።» ከመካከላችን የደነገጠ አልነበረም። እኔም ዝም አልሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዝምታ ዕዳ ነው።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ወዲህ ሦስት ዓይነት አንባብያንን አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ታሪኩን የዕድል ነገር ያደርጉታል፤ በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነበርና አይሆንለትም ነበር ይላሉ። ሁለተኛዎቹ መጽሐፉ የባላባት ሥርዓት ክስ ነው፣ ፍቅሩ ማጣፈጫ ነው ይላሉ። ሦስተኛዎቹ፣ በተለይ የእኔ ትውልድ ሴቶች፣ ሰብለ ወንጌልን ተቀምጣ የምትጠብቅ፣ ፈቃድ የሌላት ሴት አድርገው ያይዋታል። እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ከሦስተኛዎቹ ወገን ነበርሁ። ዛሬ ሦስቱም አንድ ነገር ስተዋል እላለሁ፤ ፍቅሩና ግብሩ በአንድ መዝገብ የተጻፉ ሒሳቦች ናቸው።

ፊታውራሪ መሸሻ የሚኖሩት በምን ነበር? በጎጃም ገበሬው በአብዛኛው ርስተኛ ነበር። ጉልተኛው የያዘው መሬቱን ራሱን ሳይሆን ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብትን ነው። ይህ ሀብት እንደ በሬ ወይም እንደ ወፍጮ የሚዳሰስ አይደለም። የሚቆመው ከፋዩ «ይገባቸዋል» ብሎ እስካመነ ድረስ ብቻ ነው፤ የእምነቱ ዋስትና ደግሞ አጥንት ነው። እንግዲህ ልጃቸውን ለድኻ ገበሬ ልጅ ቢሰጡ የሚያጡት አንድ አማች ብቻ አልነበረም። «እኛ ከእናንተ የተለየን ነን» የሚለውን፣ ገቢያቸው ሁሉ የተንጠለጠለበትን ቃል በገዛ እጃቸው ይሰርዙት ነበር።

በዚህ መንገድ ሲነበብ የገበሬዎቹ ዐመፅና የሁለቱ ወጣቶች ፍቅር አንድ ድርጊት ይሆናሉ። አበጀ በለውና ጓደኞቹ ግብሩን እምቢ አሉ፤ ሰብለና በዛብህ ግብሩ የቆመበትን የአጥንት ልዩነት እምቢ አሉ። ሐዲስ ይህን ያዩት በባዶ ምናብ አልነበረም፤ የጎጃም ሰው ነበሩና አገሩን ያውቁታል። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ በእውን ተነሣ።

«ኢኮኖሚስት ከሆንሽ፣ ወላጅ ዘር የሚጠይቀው በምክንያት መሆኑን እንዴት ትክጃለሽ?» የሚለኝ ይኖራል። አልክድም። ባንክና መድን በሌለበት አገር ጋብቻ መድን ነው። ሮዘንዝዋይግና ስታርክ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ የሕንድ ገጠር ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ራቅ ወዳሉ መንደሮች መዳራቸው አዝመራ ሲበላሽ ፍጆታቸው እንዳይዋዥቅ እንደሚረዳቸው አሳይተዋል። ወላጅ «ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ነገር ግን መድን ልጅቱንም ይጠብቃል። የፊታውራሪ ሒሳብ ማንን ጠበቀ? በአጥንት የሚመጥን አልተገኘም እየተባለ ጠያቂ ሁሉ ሲመለስ ዓመታቱ ያለፉት ከሰብለ ዕድሜ ላይ ነው። ክብሩ የአባት፣ ወጪው የልጅ። አንዱ የሚወስነውን ሌላው የሚከፍልበት ውል በእኛ ሙያ መድን አይባልም፤ ግብር ነው። ፊታውራሪ ከገበሬው እህልና ከብት፣ ከልጃቸው ደግሞ ዕድሜ ሰበሰቡ።

ለሦስተኛዎቹም መልስ አለኝ። ሰብለ በመጨረሻ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ቤት ጠፍታ፣ ወደ አዲስ አበባ በእግሯ የገሰገሰች ሴት ናት። ምንም ምርጫ ባልተተወላት ቤት ውስጥ ይህን ያህል የወሰነችን ሴት ፈቃድ የለሽ ማለት፣ በሩን የዘጋውን ትቶ የተዘጋባትን መክሰስ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አንባብያን ግን በቀላሉ አልለቃቸውም፤ የምንወዳቸው ወላጆቻችን ናቸውና። ሁሉን በዕድል ማሳበብ ለአንባቢው ይመቸዋል። ጥፋቱ የዕድል ከሆነ አልቅሶ መሄድ ይቻላል፤ ጥፋቱ የሒሳቡ ከሆነ ግን የራስን መዝገብ መግለጥ ይመጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የባለ መሬቶችን ኃይል ከሰበረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የእነዚያ አባት መተዳደሪያ ደመወዛቸውና ጡረታቸው ነው፤ የሚቀበሉት ግብር፣ የሚያስከብሩት ጉልት የላቸውም። «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን አብሯቸው አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቷል፤ አንዳንድ ቤት አጥንት መባሉ ቀርቶ ብሔር ተብሏል። ፊታውራሪ ቢያንስ የሚያስጠብቁት ገቢ ነበራቸው። እኛ የምናስጠብቀው ምንድን ነው?

ያን ዕለት ማለት የነበረብኝን አሁን እላለሁ፦ አባቴ፣ በዛብህን የገደለው ዛሬ እርስዎ የጠየቁት ጥያቄ ነው። እንባዎ እውነተኛ መሆኑን አይቻለሁ። እንግዲያው ልጅዎ ወጣቱን ይዛ ስትመጣ ስለ ጠባዩና ስለ ሥራው ይጠይቁት፤ ስለ አያቶቹ መጠየቁን ይተዉት።