«ምን ትማር?» ከማለት በፊት



ባለፈው እሑድ ቦሌ ሚካኤል ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ቶናው ሳይቀዳ ክርክር ተነሣ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የምትገባው የቤቱ ልጅ ምን ትማር? ሚኒሶታ ያለችው አክስቷ በስልክ «ክሪሚናል ጀስቲስ ግቢና ጠበቃ ሁኚ» ብላታለች። ሴት አያቷ ደግሞ «ሌባ ስታባርር ልትኖር ነው?» ብለው ተቆጥተዋል።

የአክስቷ ምክር ለእኛ አገር አይገጥምም። በአሜሪካ ክሪሚናል ጀስቲስ የአራት ዓመት ዲግሪ ነው። ስለ ፖሊስ፣ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ማረሚያ ቤት ያስተምራል እንጂ ብቻውን ጠበቃ አያደርግም። ጠበቃ መሆን የሚሻ ከዚያ በኋላ ሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይማራል።

እኛ ዘንድ ሕግ ራሱ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ አምስት ዓመት ይፈጃል። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ ለመሆን በሩ ይኸው ነው። ፖሊስነትንና የወንጀል ምርመራን ለሚወድ ሰንዳፋ የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አለ። ጥፋት ውስጥ የገቡ ልጆችንና ቤተሰባቸውን መርዳት ለሚፈልግ ደግሞ ሶሻል ወርክ ይቀርባል።

ልጅቱን «አንቺስ ለምን ፈለግሽው?» አልኳት።

አምና የግቢያቸው የ14 ዓመት ልጅ ስልክ ሰርቋል ተብሎ ተይዞ ነበር። «እናቱ ፀሐይ ላይ ቆማ ዋለች። ሁላችንም አብረን አለቀስን እንጂ ምን ብለን እንደምንጠይቅ አላወቅንም» አለችኝ።

ሕጉ ግን መልስ ነበረው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ የአዋቂ ቅጣት አይጣልበትም፤ ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋርም አይታሰርም። ሕገ መንግሥቱም የተያዘ ሰው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል።

አያቷ ይህን ሲሰሙ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እንዲህ ከሆነማ እናት የሚያሳርፍ ሥራ ነው» አሉ።

ወላጆች ሆይ፣ የትምህርቱን ስም ከመምረጣችሁ በፊት ሥራውን አሳዩ። ችሎት፣ በሕግ ከተለዩ ጉዳዮች በቀር፣ ለሕዝብ ክፍት ነው። ልጃችሁን አንድ ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ከኋላ ተቀምጦ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጠበቃውና ምስክር ሆኖ የሚቀርበው ፖሊስ የሚሠሩትን ይመልከት። ስትወጡ «ከእነዚህ በማን ቦታ ራስህን አየኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይጠብቃቸዋልና፣ በስሙ ብቻ ተማርኮ የገባ ልጅ መጨረሻው ላይ ይቸገራል።

ልጅቱ ማክሰኞ ልትሄድ ነው። አያቷም «ነጠላዬን አዘጋጁልኝ፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ» ብለዋል።