ለሆስፒታል ጥበቃ የፖሊስ ሥልጣን? እስቲ ረጋ ብለን እንየው

ባለፈው ክረምት አክስቴን ይዤ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አድሬ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ወንድሙን ያመጣ አንድ ወጣት እየጮኸ ከውስጥ ወጣ። ወንድሙ አርፏል። ተከትላው የወጣችውን ነርስ ገዋኗን ጨምድዶ ያዘና «ገደላችሁት!» እያለ ከግድግዳ ጋር አጋጫት። ሁለት ጥበቃዎች ሮጠው አላቀቋት።

ነርሷ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቼ «ሲስተር፣ አትከሺውም?» አልኳት። «ከአዳር ወጥቼ ጣቢያ ለጣቢያ ስንከራተት ልዋል? አብሮኝ የሚሄድ እንኳን የለም» አለችኝ።

ወጣቱን በሩ አጠገብ ካለችው የጥበቃ ቤት አስገብተው ዘጉበት። እስኪነጋ ሲያለቅስ ሰማነው። አስከሬኑን የሚረከብ ሌላ ዘመድ አልነበረም። ስልኩን ቀምተውት ነበርና በትልቁ ጥበቃ ኪስ ውስጥ በተደጋጋሚ ይጠራል። «ጋሼ፣ ቤተሰቦቹ ይሆናሉ፤ ለምን አያነሳም?» ብላቸው «እኔ ምን ሥልጣን አለኝ ልጄ? ፖሊስ ይምጣና ይወስን» አሉኝ። ፖሊስ የመጣው ከነጋ በኋላ ነው።

ይህን ያወጋሁት ሐኪም ወዳጄ «መፍትሔው ቀላል ነው። ለጥበቃዎቹ እንደ ፖሊስ የማሰር ሥልጣን ስጣቸው፤ ያኔ ማንም እጁን አያነሳብንም» አለኝ። ንዴቱ ይገባኛል። ሰው ለማዳን ሲሮጥ ያደረ ባለሙያ በጥፊ የሚመታበት አገር ውስጥ ነን። ሐሳቡም የእሱ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ሆስፒታሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙ ፈቅዳለች። በዋሽንግተን ዲሲም «ልዩ ፖሊስ» የሚባሉ ጥበቃዎች በሚጠብቁት ግቢ ውስጥ ሰው ማሰር ይችላሉ።

እኔ ግን አልስማማም። ምክንያቴን ላስረዳ።

አንደኛ፣ ያንን ወጣት ከነርሷ ላይ ለማላቀቅም ሆነ ለመያዝ አዲስ ሥልጣን አላስፈለገም። ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ፖሊስ ያልሆነ ሰውም ሊይዘው እንደሚችል ከ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ የታወቀ ነው። ሕጉ የሚያስቀምጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች አሉ፤ ዋናው ግን የያዘው ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። የዚያን ሌሊት የጎደለው ይሄ ነው። ያዡ ነበር፤ ተረካቢው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ «ሥልጣን የለኝም» ያሉት ጥበቃ የሰው ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ሰውም ቆልፈው ነበር። በወረቀት ያልተሰጠ ሥልጣን በተግባር አለ ማለት ነው። ማን ይግባ፣ ማን ደጅ ይደር፣ የትኛው አስታማሚ ይውጣ የሚለውን በሩ ላይ የሚወስነው ጥበቃው ነው። የጎደለው ካቴና ሳይሆን መዝገብ ነው። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት ተያዘ? ለማን ተላለፈ? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ያለ መዝገብ ግን ሰዓቱን የሚቆጥርለት የለም።

ሦስተኛ፣ የጥበቃው አለቃ ማነው? ሆስፒታሉ ወይም በኮንትራት የቀጠረው ኤጀንሲ። ሆስፒታሉ ደግሞ ከታካሚው ጋር የገንዘብ ጉዳይ አለው። ሂሳብ ያልከፈለ ቤተሰብ በር ላይ «ቆይ» ሲባል፣ መታወቂያ ሲያዝበት አላያችሁም? ነገ ያው ጥበቃ የማሰር ሥልጣን ቢኖረው፣ «ሁከት ፈጥሯል» እና «አልከፈለም» በሚሉት መካከል ያለውን መስመር ማን ይጠብቅልናል? ከሳሹም፣ አሳሪውም፣ ምስክሩም አንድ ቤት ውስጥ ይሆናሉ።

ከዲሲም የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የ74 ዓመት ታካሚ በወጉ ሳይሰናበት ከሆስፒታል ወጣ። የሆስፒታሉ ልዩ ፖሊሶች ሊመልሱት ሲሉ ግብግብ ተፈጠረ፤ ሰውዬው ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። የአስከሬን ምርመራው ሞቱን የሰው እጅ ያለበት ብሎታል። ሆስፒታል ውስጥ «አልታዘዝም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ወንጀለኛ አይደለም። ስኳሩ የወረደበት፣ ትኩሳት ያስቃዠው፣ አእምሮው የታወከ ወይም ልጁ የሞተችበት ነው።

ታዲያ ነርሷ ትመታ? በፍጹም። ትልልቅ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሌሊትም ቀንም ፖሊስ ይመደብ። ተጠሪነቱም ለፖሊስ እንጂ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አይሁን። ጥበቃዎቹ ሰው ሳይጎዱ መያዝንና የተቆጣን ሰው ማብረድን ይሠልጥኑ፤ ደመወዛቸውም ለዚህ ሥራ የሚመጥን ይሁን። በገንዘብ ምክንያት ሰው ማገት ጭራሽ ይከልከል። ባለሙያ ሲመታ ደግሞ አቤቱታውን ራሱ ሆስፒታሉ ያቅርብ፤ የሕግ ሠራተኛውንና መኪናውን ይዞ ነርሷን ጣቢያ ያድርሳት። ከአዳር የወጣች ሴት ብቻዋን ስለማትችል ነው ነገሩ ሁሉ ተዳፍኖ የሚቀረው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ወጣት የወንድሙን መሞት የሰማው ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ሌላ ታካሚ ጋ ከምትሮጥ ነርስ አፍ ነው። መርዶ የምናረዳበት ወግ ያለን ሕዝብ ነን። ሰው አሰባስበን፣ አስቀምጠን፣ ደጋፊ አዘጋጅተን ነው የምንነግረው። ሆስፒታሎቻችን ለዚህ አንዲት ክፍልና አንድ ተረኛ ሰው ቢመድቡ በሩ ላይ ከሚነሳው ጠብ ብዙው ይበርዳል።

የመታትን አላጸድቅም፤ ይጠየቅ። ግን ለነርሷ ያልቆመውን ተቋም በካቴና ብናስታጥቀው ነገም አይቆምላትም።

በሆስፒታል የምትሠሩ፣ በተለይ በር ላይ የምታድሩ ጥበቃዎች፣ እናንተ ምን ትላላችሁ?