«ካልነካችሁት አይጎዳችሁም» እና የትምህርት ቤት ግድግዳ

በፓሪስ መሐል፣ ከሴን ወንዝ ዳር፣ ቀድሞ የወይን ጠጅ ገበያ በነበረ ቦታ ላይ ጁስዩ የሚባል ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መገንባት ሲጀምር የዘመናዊነት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ሕንጻዎቹ የቆሙት በብረት ነው። ብረት ደግሞ እሳት ሲያገኘው ይለሰልስና ሕንጻውን ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ብረቱን በአስቤስቶስ ረጩት። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም። አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ሆኖ ሳለ እንደ ጥጥ ይፈተላል፣ እሳት አይበላውም፣ ሙቀት አያሳልፍም፣ ዋጋውም አይከብድም። ለግንባታ ሰው ከዚህ የበለጠ ሲሳይ አልነበረም።

ሲሳዩ ግን ቃጫ ነው። ሲሰበር፣ ሲፋቅ ወይም ሲያረጅ ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን ቃጫዎች ይለቃል። ሰው ከተነፈሳቸው ሳንባ ውስጥ ጠልቀው ይቀራሉ፤ ሰውነት በቀላሉ ሊያስወግዳቸው አይችልም። መጨረሻው የሳንባ መጠጠር፣ የሳንባ ካንሰር፣ ወይም ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሜሶቴሊዮማ በአብዛኛው ከ20 እስከ 50 ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቆይና አንዴ ከታየ በኋላ ለሐኪም ብዙ ጊዜ አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ቦታ ከአስቤስቶስ ጋር በመገናኘት ብቻ በዓመት ከ200,000 በላይ ሰው እንደሚሞት ይገምታል።

ጁስዩ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በ1970ዎቹ አጋማሽ ከላይ የሚረግፈው ብናኝ ምን እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። ጠያቂዎቹ ሳይንቲስቶች መሆናቸው ጠቀማቸው፤ የሚረግፍባቸውን ነገር ራሳቸው መመርመር ይችሉ ነበር። ከመካከላቸው ተመራማሪው ኦንሪ ፔዜራ በኋላ በፈረንሳይ የአስቤስቶስ ትግል ውስጥ ትልቅ ስም ሆነዋል። የተለያዩ የሠራተኛ ማኅበራት አባላት በአንድ ኮሚቴ ተሰባሰቡ፤ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በ1978 ፈረንሳይ አስቤስቶስን ሕንጻ ላይ መርጨት ከለከለች። አስቀድሞ የተረጨው ግን ከሞላ ጎደል እዚያው ቀረ። ተማሪውም ከሥሩ ተቀምጦ መማሩን ቀጠለ።

ለተጨማሪ 18 ዓመታት! ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ሐምሌ 14 ቀን 1996፣ በብሔራዊ በዓሉ ዕለት፣ በቴሌቪዥን ቀርበው በዓመቱ መጨረሻ ጁስዩ ውስጥ ተማሪ እንደማይኖር ተናገሩ። ከጥር 1 ቀን 1997 ጀምሮ አስቤስቶስ በፈረንሳይ ታገደ። ተማሪው ግን በተባለው ጊዜ አልወጣም። ሦስት ዓመት ይፈጃል የተባለው የማጽዳትና የማደስ ሥራ ሃያ ዓመት ገደማ ወስዶ በ2016 አካባቢ ተጠናቀቀ፤ ወጪውም ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ገንዘቡ አይደለም። በ1978 እና በ1996 መካከል ያለው ዝምታ ነው። ያን ጊዜ ማንም አላወቀም ማለት አይቻልም፤ ከ1982 እስከ 1995 «ቋሚ የአስቤስቶስ ኮሚቴ» የሚባል አካል ነበር። እዚያ የኢንዱስትሪው ሰዎች፣ የመንግሥት ተወካዮች፣ ሐኪሞችና አንዳንድ የሠራተኛ ማኅበራት አብረው ይቀመጡ ነበር። መፈክራቸው «በቁጥጥር ሥር መጠቀም» ነበር፦ አስቤስቶስ በጥንቃቄ ከተያዘ አደጋ የለውም። የፈረንሳይ ሴኔት በ2005 ባወጣው ሪፖርት መንግሥት በዚህ የኢንዱስትሪ ጉትጎታ እንደ ማደንዘዣ መርፌ ፈዝዞ እንደነበር ጽፏል። ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ፈረንሳይ አስቤስቶስን መጠቀም አቁማለች። አስተሳሰቡ ግን ስሙን ቀይሮ በብዙ አገር ዛሬም ይሠራል። አሁን የሚባለው «ባለበት ማስተዳደር» ነው። በቀላል አማርኛ፦ ካልነካችሁት አይጎዳችሁም።

እውነቱን ለመናገር አባባሉ ሐሰት አይደለም። ደህና ሆኖ የተቀመጠ፣ ያልተሰነጠቀ፣ በቀለም ወይም በሰሌዳ የታሸገ አስቤስቶስ ቃጫ አይለቅም። በችኮላና ያለ ጥንቃቄ የተነቀለ ደግሞ ሳይነካ ከቀረው ይልቅ አየሩን ይበክላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሁሉም ይነቀል የሚል ሰው ነገሩን አላሰበበትም። ችግሩ ደንቡ የሚጠይቀው ነገር ነው። ቁሱ የት የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው በየጊዜው እየዞረ እንዲያይ ይፈልጋል፤ ግድግዳውን የሚነካ ሁሉ አስቀድሞ እንዲነገረው ይፈልጋል። ይህ በአንድ ጸጥ ያለ መጋዘን ውስጥ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ግን ጸጥ ያለ መጋዘን አይደለም። ኳስ ኮርኒስ ይመታል። ልጅ ግድግዳ ይፍቃል፣ ይረግጣል፣ በር ያላጋል። መምህር የተማሪውን ሥዕል በሚስማር ይሰቅላል። ጣሪያ ያፈሳል፣ ኮርኒሱ ያብጣል፣ ይረግፋል። በእረፍት ወራት ደግሞ የኢንተርኔት ገመድ የሚዘረጋ ሰው መሰርሰሪያውን ይዞ ይመጣል።

ያረጀ ትምህርት ቤት ውስጥ አስቤስቶስ የሚገኝበት ቦታም ብዙ ነው፦ የማሞቂያ ቧንቧ መጠቅለያ፣ የቦይለር ክፍል፣ የኮርኒስ ሰሌዳ፣ የወለል ታይልና ታይሉ የተለጠፈበት ጥቁር ማጣበቂያ፣ የሲሚንቶ ቆርቆሮ። የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ የገባ ትልቅ ሰው ሁሉ ከእሳቱ በላይ የሚደረገውን፣ መሐሉ ነጭ የሆነውን የሽቦ ወንፊት ያስታውሳል። በድሮዎቹ ላይ ያ ነጩ ነገር አስቤስቶስ ነበር።

ልጅ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው አይደለም። ለብሪታንያ መንግሥት በካንሰር ጉዳይ የሚያማክረው የሳይንቲስቶች ኮሚቴ በ2013 ባወጣው መግለጫ፣ እኩል መጠን ቃጫ ቢተነፍሱ በ5 ዓመቱ የጀመረ ልጅ በሕይወት ዘመኑ በሜሶቴሊዮማ የመያዝ ዕድሉ በ30 ዓመቱ ከጀመረ ሰው 5 እጥፍ ገደማ ይሆናል ብሏል። ምክንያቱ የልጅ ሳንባ የተለየ መሆኑ ስለተረጋገጠ ሳይሆን ከፊቱ ያለው ዕድሜ ረጅም ስለሆነ ነው። በሽታው አርባ ዓመት ቢፈልግ ልጁ አርባ ዓመት አለው።

ይህ የጊዜ ርዝመት ለባለሥልጣን እጅግ ምቹ ነው። ዛሬ እድሳቱን ያዘገየ የትምህርት ኃላፊ፣ ልጁ በ50 ዓመቱ ሲታመም ሥልጣን ላይ አይኖርም፤ ምናልባትም በሕይወት አይኖርም። ታማሚውም የትኛው ክፍል፣ የትኛው ዓመት እንደነበር ማስረዳት አይችልም። የጁስዩ የወንጀል ምርመራ የተጀመረው በ1990ዎቹ ነበር። በ2018 የፈረንሳይ ሰበር ፍርድ ቤት በጉዳዩ ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ በተባሉ የቀድሞ ኃላፊዎች ላይ የነበረው ውንጀላ መሰረዙን አጸና።

እንግሊዝን እንመልከት። የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት መልስ ከሰጡት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች 80 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ሕንጻቸው ውስጥ አስቤስቶስ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጅ በዝቶ ትምህርት ቤት በፍጥነት ይፈለግ ስለነበር፣ ክላስፕ በሚባለው ዓይነት ዘዴ ቀጫጭን ብረት አቁመው በፋብሪካ የተዘጋጀ ሰሌዳ እየገጠሙ ሠርተዋል። ሰሌዳው ውስጥ አስቤስቶስ አለ። የፓርላማው የሥራና የጡረታ ኮሚቴ በ2022 ከሕዝብና ከንግድ ሕንጻዎች አስቤስቶስ በ40 ዓመት ውስጥ እንዲወገድ ሐሳብ አቀረበ። አርባ ዓመት! መንግሥት እሱንም አልተቀበለም፤ ባለበት ማስተዳደሩ ይበቃል አለ። ተመሳሳይ ነገር በቢሯቸው ጣሪያ ላይ ቢኖር ሚኒስትሮቹ ይህን ያህል ትዕግሥት ይኖራቸው እንደሆነ ማሰብ ነው።

ወጪው ከባድ ነው የሚለው መከራከሪያ መናቅ የለበትም። ገንዘብ ያነሰው የትምህርት ቢሮ መምህር መቅጠርና ኮርኒስ መንቀል መካከል ሲመርጥ ምርጫው ጨዋታ አይደለም። ነገር ግን ባለበት ማስተዳደርም ነጻ አይደለም፤ ተቆጣጣሪ፣ መዝገብ፣ ሥልጠና ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው አስተዳደሩ ቀርቶ «ባለበት» የሚለው ብቻ መቅረቱ ነው። ቀን ያልተቆረጠለት አስተዳደር ደግሞ መርሳት ነው። ጣሪያው ወይም ማሞቂያው ሊታደስ ገና ሲታቀድ የአስቤስቶሱም ማውጫ አብሮ ቢታቀድ፣ ሕንጻው ሁለቴ ከመፈታት ይድን ነበር።

አሜሪካ በዚህ ረገድ በወረቀት ላይ የተሻለ ሕግ አላት። በ1986 የወጣው አሄራ የተባለው ሕግ ከአንደኛ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም ለትርፍ ያልቆመ የግል ትምህርት ቤት፣ አስቤስቶስ እንዳለው እንዲመረመር ያስገድዳል። ካለ በየ3 ዓመቱ በባለሙያ፣ በየ6 ወሩ ደግሞ በሠራተኛ መታየት አለበት። ወላጅና መምህር በየዓመቱ እንዲያውቁ መደረግ አለባቸው።

ሕጉ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚሠራ ኒው ዮርክ በ1993 አይታለች። ከዓመታት በፊት የተደረገው ምርመራ እምነት የማይጣልበት መሆኑ በነሐሴ ወር ታወቀ፤ ወረቀቱ አለ፣ ምርመራው ግን የይስሙላ ነበር። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች መክፈቻ በ11 ቀን ዘገየ። ፊላደልፊያ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚጋሩት ሕንጻ በጥቅምት 2019 በእድሳት መሐል የተጎዳ አስቤስቶስ ተገኝቶበት ተዘጋ፤ ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። በ2025 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ የከተማዋን የትምህርት ቢሮ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችን በወቅቱ አላስመረመርክም ብሎ በወንጀል ከሰሰው፤ ክሱ ቢሮው ግዴታውን እንዲወጣ በስምምነት ታግዷል።

አሄራ አንድ ትልቅ ቀዳዳም አለው፦ ዩኒቨርሲቲን አይነካም። በ17 ዓመቷ የትምህርት ቤቷን መዝገብ የማየት መብት ያላት ልጅ፣ በ18 ዓመቷ እኩያው በሆነ ያረጀ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ስትገባ ያ መብት የለም። የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችን የሚጠብቅ የሥራ ቦታ ሕግ አለ፤ ተማሪ ግን ሠራተኛ አይደለም። ይህን ክፍተት የሚከላከል ሰው ምን ብሎ እንደሚከራከር ለመገመት እንኳ ያስቸግራል።

በዋሽንግተንና አካባቢው፣ በፊላደልፊያ፣ በሚኒያፖሊስ ልጅ የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ይህ ነገር በቀጥታ ይመለከታቸዋል። በአሄራ መሠረት የአስቤስቶስ ዕቅዱ በትምህርት ቤቱ ቢሮ መገኘት አለበት፤ ወላጅ ሲጠይቅም በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ሊያየው ይገባል። ጠበቃም፣ የተለየ ምክንያትም አያስፈልግም። በየዓመቱ ከትምህርት ቤት ከሚመጣው የወረቀት ክምር መሐል አንዱ ይህን የሚገልጽ ማስታወቂያ ነው፤ አብዛኛው ቤት ሳይነበብ ይጣላል።

ከወላጁ ይበልጥ የሚመለከተው ደግሞ ማታ ማታ ወለሉን የሚጠርገው ሰው ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር ኑሯቸውን የጀመሩት በጽዳትና በጥገና ሥራ ነው። ሕጉ አስቤስቶስ ባለበት ትምህርት ቤት የሚሠራ የጽዳትና የጥገና ሠራተኛ ሁሉ ቢያንስ የ2 ሰዓት ሥልጠና እንዲያገኝ ያዛል፤ ቁሱን ሊነካ የሚችል ከሆነ 14 ሰዓት ይጨመርለታል። ሥልጠናው በእንግሊዝኛ ብቻ ተሰጥቶ ሠራተኛው ፊርማውን አኑሮ ከወጣ ግን ወረቀቱ ተሟላ እንጂ ሰውየው አልተጠበቀም። የረገፈ ኮርኒስ በደረቁ እንደማይጠረግ፣ በተራ ቫኪዩም እንደማይሰበሰብ፣ ክፍሉን ዘግቶ ለኃላፊ መንገር እንደሚገባ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

ሌላው ቦታ ኮሚዩኒቲዎችና አብያተ ክርስቲያናት የሚገዟቸው ያረጁ አዳራሾችና የቀድሞ ትምህርት ቤት ሕንጻዎች ናቸው። ምእመኑ አዋጥቶ ይገዛል፤ ከዚያ ወጪ ለመቀነስ ወጣቱ ቅዳሜ ተሰብስቦ ኮርኒሱንና ወለሉን ራሱ ያፈርሳል። ፍቅሩና ትብብሩ የሚያኮራ ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው። ከ1980 በፊት በተሠራ ሕንጻ ውስጥ ዘጠኝ ኢንች በዘጠኝ ኢንች የሆነ የወለል ታይል ከታየ አስቤስቶስ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው፤ ዓይን አይቶ መለየት አይችልም። እንዲህ ያለ የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ከመፍረሱ ወይም ከመታደሱ በፊት መመርመር እንዳለበት የአሜሪካ ፌዴራል ደንብም ያዛል። ናሙናውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይወስዳል፣ ላብራቶሪ ይመልሳል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ታይሉም ኮርኒሱም ባሉበት ይቆያሉ፣ የቅዳሜው የማፍረስ ፕሮግራምም ይዘገያል።