ሥውር ሣጥን ፈላጊዎችና የመርሐቤቴ ቀበሌዎች

የእጅ ስልኩን እያየ በገደል አፋፍ የሚሄድ፣ ድንጋይ አንሥቶ ሥሩን የሚመለከት፣ ከዚያም ድንጋዩን በነበረበት መልሶ ደስ እያለው የሚሄድ እንግዳ በአንድ ቀበሌ ቢታይ ምን ይባላል? ወርቅ ፈላጊ ነው የሚል አይጠፋም። ሰላይ ነው የሚለው ደግሞ ይበዛል። የጸጥታ ሰዎችን የሚጠራም ይኖራል፤ ይህን በማድረጉም አይወቀስም። ይሁንና በብዙ የዓለም አገሮች ይህ ሰው የሚጫወተው ድብብቆሽ ነው። ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። የመርሐቤቴ፣ የመንዝና የግሼ ቀበሌ መሪዎች ስለዚህ ጨዋታ ሊያውቁ የሚገባቸው ለመዝናናት ብለው አይደለም። አንድን ሥፍራ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ማግኘት የሚቻልበት ዘመን መምጣቱን ከሁሉ ይበልጥ ግልጥ አድርጎ የሚያሳየው ይህ ጨዋታ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው። በሰማይ የሚዞሩት የአሜሪካ ሳተላይቶች ለሲቪሉ ሰው ይሰጡት የነበረው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛነፍ ይደረግ ስለነበር፣ የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ የያዘ ሰው ያለበትን ቦታ የሚያውቀው እስከ 100 ሜትር በሚደርስ ስሕተት ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ይህ ማዛነፍ ቀረ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ አሜሪካዊ በኦሬገን ክፍለ ግዛት ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ቁጥር ለሌሎች አስታወቀ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ፈልገው አገኙት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተደበቁት ሣጥኖች ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ደባቂው ውኃ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ደብተር አኑሮ ይሸሽገዋል፤ የሥፍራውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ያወጣል፤ ፈላጊው ቁጥሩን ተከትሎ ሲደርስ ስሙን በደብተሩ ጽፎ ሣጥኑን በቦታው ይመልሳል። የገንዘብ ሽልማት የለውም። ሰውየው የሚያገኘው ጥቅም አገር ማየቱ ነው፤ የአገሩ ሰው የሚያገኘው ጥቅም ደግሞ እንግዳው የሚበላው፣ የሚያድርበትና የሚከፍለው ነው።

ጨዋታው ሕግ አለው። ሣጥን የሚያስቀምጥ ሰው የመሬቱን ባለይዞታ ፈቃድ መያዝ አለበት። በሁለት ሣጥኖች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር መኖር አለበት። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሦስተኛው ሕግ ነው፤ ለዕረፍት መጥቶ የሚመለስ መንገደኛ እንዲያው ሣጥን ትቶ መሄድ አይፈቀድለትም። ሣጥኑን እየተመላለሰ የሚያይ፣ ዝናም የገባበትን የሚያደርቅ፣ የጠፋውን የሚተካ የቅርብ ሰው መኖሩን ማሳየት ይኖርበታል። ይህ ሕግ የወጣው በከንቱ አይደለም። ከተማ በሆነ ቦታ አንዱ ደባቂ ቢሰለች ሌላው ይተካል። ሰው በሳሳበት አገር ግን፣ የባሕር ጠረፍም ይሁን ተራራ፣ ነገሩ ሁሉ በአንድና በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። እነዚያ ሰዎች አካባቢውን የለቀቁ ዕለት ሣጥኑ ውኃ ይሞላል፣ ቁጥሩ ግን እንደ ወጣ ይቀራል።

የመርሐቤቴ አገር ከባሕር የራቀ ነው። ሆኖም በዘመናት ሁሉ እንዲሁ አልነበረም። ከለሚ ተነሥቶ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደው፣ ከዚያም ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለው። ተጓዡ ከላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ትቶ ሲወርድ አሸዋማውንና የኖራውን ድንጋይ ያገኛል። ይህ የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አገሩን ሸፍኖት በነበረ ባሕር ሥር የተነጠፈ ነው። በእንሳሮ ወረዳ ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመውም የኖራ ድንጋዩን ተማምኖ ነው። አርሶ አደራችን ከብቱን የሚያሰማራበት ገደል የጥንት ባሕር ወለል መሆኑን ሲሰማ ይገረም ይሆናል፤ ከሩቅ አገር የሚመጣው መንገደኛ ግን ይህንኑ ለማየት ይከፍላል።

ሌላም አለ። በዚሁ በጀማ ሸለቆና በላይኛው ዓባይ ገደሎች ብቻ የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 በሳይንስ መዝገብ የገባች አንዲት የቆቅ ዘር አለች፤ የሃርውድ ቆቅ ትባላለች። እርሷን ለማየት የወፍ ተመልካቾች ከውጭ አገር እየመጡ ይህን ቁልቁለት ሲወርዱ ኖረዋል። ብዙዎቹ ግን በጧት ወርደው፣ ቆቋን አይተው፣ በመጡበት መኪና ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። ቆቋ በእርሻ ዳር ስትታይ ባለ እርሻው ከዚህ ያተረፈው ምንድን ነው ቢባል መልሱ አጭር ነው።

የዓለም ከተማ ሕዝብ ለእንግዳ አዲስ አይደለም። በካርል ሃይንዝ ቦም የተመሠረተው ሜንሽን ፎር ሜንሽን ድርጅት በ1980ዎቹ በመርሐቤቴ ሥራ ጀምሮ ሆስፒታልና መንገድን የመሳሰሉ ሥራዎች ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ ፋተርሽቴተን ከተባለች የጀርመን ከተማ ጋር እኅትማማች ሆናለች። እንግዳ መቀበል ይታወቃል። ያልታወቀው እንግዳው በቁጥር ተመርቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በቀጥታ ከምንጩ ወይም ከዋሻው ደጃፍ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ነው።

ይህን ጥያቄ የመንዝ ገበሬ ሳተላይት ሳይታሰብ መልሶታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ የሚገኘው የጓሳ ምድር፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ትውልድ በጋራ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። የቄሮ ሥርዓት በሚባለው ደንብ መሬቱ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ጠባቂ ይመደባል፤ ሣሩ ሲደርስ በአዋጅ ይከፈትና ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ በርስት ላይ የቆመው ይህ ሥርዓት መሠረቱ ተናጋ። ያን ጊዜ ጓሳን ከፈጽሞ ጥፋት ያዳኑት በዙሪያው የነበሩት የገበሬ ማኅበራት ናቸው። በእድር መልክ ተደራጅተው ጥበቃውን ቀጠሉ፤ ቀድሞ ከርስት ውጭ የነበረው ድሃ ገበሬም በአባልነት ገባ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል መንግሥት ሥፍራውን በደንብ የኅብረተሰብ ጥበቃ ክልል አድርጎ አጸናው። የኅብረተሰቡ ጠባቂዎችና አስጎብኚዎች ተመደቡ፣ የእንግዳ ማረፊያም ተሠራ።

ዛሬ ቀበሌ የምንለው፣ አርሶ አደሩ ግን እስካሁን ገበሬ ማኅበር የሚለው አካል ከጓሳ የሚማረው አለ። እንግዳው ወደ ጓሳ የመጣው ሥፍራው ተጠብቆ ስለቆየ ነው። ጥበቃው አራት መቶ ዓመት ያህል ቀድሟል፤ ማረፊያው የትናንት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ መጀመሪያ ማስታወቂያውን፣ ቀጥሎ ጥበቃውን ማሰብ የሚያዋጣ አይመስለንም።

የጨዋታው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ያመጡት አንድ ዓይነት ግን ለገደል አገር የተሠራ ይመስላል። ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ማኅበር ጋር ሆነው ያወጡት ሲሆን የሚደበቅ ሣጥን የለውም። ፈላጊው በቁጥሩ ተመርቶ ከአንድ የድንጋይ አፋፍ፣ ከፍል ውኃ ወይም ከፏፏቴ ይደርሳል፤ እዚያ ቆሞ ካላየ በቀር ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ይጠየቃል። የጥቁሩ ድንጋይ ንጣፍ አብቅቶ ነጩ የሚጀምረው የት ላይ ነው? በድንጋዩ ውስጥ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ይታያል? መልሱን ልኮ ይሄዳል። የሚቀበር፣ የሚሰረቅ፣ ዝናም የሚያበሰብሰው ነገር የለም። የጀማ ቁልቁለት ለዚህ ከተፈጠረ ቦታ አይተናነስም።

ሣጥን መደበቁ ግን በአሁኑ ጊዜ ለእኛ አገር አይመከርም፤ ይህን አፍረጥርጦ መናገር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ አገር ዌዘርቢ በተባለች ከተማ አንድ ሰው ሣጥን ሲያኖር ታይቶ ፈንጂ ነው ተብሎ የጦር ባለሙያዎች መጥተው አፈንድተውታል። ሰላም ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ግጭት በቆየበት ክልል ውስጥ ድንጋይ ሥር የተሸሸገ ቆርቆሮ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለማንም ግልጥ ነው። ግጭቱ የጎብኚውንም እግር አሳጥሮታል። ስለዚህ በሚቀጥለው በጋ የውጭ አገር ሰው ይጎርፋል የሚል ተስፋ ለአርሶ አደሩ መስጠት ተገቢ አይሆንም።

ታዲያ ለምን አሁን ይነሣል? ቁጥሩ እንግዳውን ስለማይጠብቅ ነው። ከዚህ በፊት አንድ መንገደኛ የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ወይም የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ለማየት ቢፈልግ የአገር ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ የተጠየቀው ሰውም ይመራዋል ወይም ይከለክለዋል። አሁን ግን አንድ ጊዜ የሄደ ሰው ቆሞ ስልኩን ሲጫን ቁጥሩን ይወስዳል፤ ሲያወጣው ሺህ ሰው ያየዋል። ቁጥር ደግሞ ከወጣ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም። በመላ ዓለም የቀረው የቀይ ቀበሮ ብዛት፣ ይኸውም በአገራችን ብቻ ያለው፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው። ጉድጓዱ በየሳምንቱ ሰው የሚቆምበት ከሆነ እናቲቱ ግልገሎቿን ይዛ ትለቃለች። የብራና መጻሕፍት ያሉበት ዋሻ ቁጥር ቢወጣ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም። የንብ ቀፎ የተሰቀለበት ገደል፣ የመቃብር ቦታ፣ በክረምት ብቻ የሚፈልቅ ጠበል፣ እነዚህም ከመዝገብ ውጭ ሊቀሩ ይገባቸዋል። የአደባባይ ሥፍራዎች ግን ቢታወቁ ጉዳት የላቸውም፤ ገበያው፣ ድልድዩ፣ የአፋፍ መመልከቻው፣ የእግር መንገዱ መነሻ።

ይህን የሚለይ የውጭ ባለሙያ አይደለም። የቀበሌው ጉባኤ ነው። የሚለይበትም ጊዜ እንግዳ ሳይበዛ፣ ማለትም አሁን ነው።

መሣሪያው ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይሆንም። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ድንበሩ የሚለካው በገመድ ነበር፤ በኋላ ግን ጂ.ፒ.ኤስ. እና ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ መጥቷል። የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባል የነበረ ሁሉ የማሳ ማዕዘን በቁጥር ሊያዝ እንደሚችል ያውቃል። በወጣቱ እጅ ያለው ስልክም ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ሳይቀር ከሳተላይት ምልክት ይቀበላል። እንግዲህ የጨዋታው የመጀመሪያ ተጫዋቾች የውጭ ሰዎች መሆን የለባቸውም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከጂኦግራፊ መምህራቸው ጋር ሆነው የመረጡትን አሥር ሥፍራ በቁጥር ይያዙ፤ ሌላው ክፍል ፈልጎ ያግኝ። ከዚሁ ጋር የምንጩንና የጤና ኬላውን መንገድ፣ በክረምት ወንዙ የሚሻገርበትን መልካ ቢመዘግቡ፣ ቱሪስት አንድ ባይመጣ እንኳ ቀበሌው ይጠቀምበታል። ምጥ የያዛትን እናት ለማንሣት የተላከ አምቡላንስ በየመንታ መንገዱ ቆሞ እረኛ መጠየቁ ይቀርለታል።

ገንዘቡን በተመለከተ ከአሁኑ ያልተወሰነ ነገር በኋላ ጠብ ይሆናል። መሪ ለሆነው ወጣት የቀን ክፍያ ስንት ነው? በቅሎ የሚያከራየው በተራ ነው ወይስ የቀደመ ይወስዳል? በማሳው ዳር እንግዳ የሚያልፍበት አርሶ አደር ድርሻ አለው? የጋራው ገንዘብ በማን ደረሰኝ ይገባል፣ ሒሳቡስ በዓመት ስንት ጊዜ ለጉባኤ ይነበባል? የገደሉ ነገር ደግሞ ለአንድ ቀበሌ ብቻ የሚተው አይደለም። ጀማ በአንድ በኩል መርሐቤቴ፣ በሌላው በኩል እንሳሮና ሞረትና ጅሩ አሉት፤ ቆቋም ወንዙን ስትሻገር የወረዳ ወሰን አትጠይቅም። አንዱ ወገን የከለከለውን ቁጥር ሌላው ወገን የሚሰጥ ከሆነ ክልከላው ወረቀት ላይ ይቀራል። በመሆኑም የሁለቱ ማዶ የቀበሌ መሪዎች፣ እንደ ግጦሽና እንደ ውኃ ሁሉ፣ በዚህም ጉዳይ አንድ ዝርዝር ቢይዙ ይሻላል።

ዝርዝሩ ከተያዘ በኋላ የሚቀረው ያው ሦስተኛው ሕግ ነው። ዛሬ ቁጥሩን የያዘው ተማሪ ነገ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ይገባል። እርሱ ሲሄድ መዝገቡን የሚረከበው ማን እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ሥፍራ ከመመዝገቡ በፊት በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ላይ በስም መጻፍ አለበት።